የአንደኛ ዓመት ተማሪ የትምህርት ዘርፉንና የሙያ መንገዱን እንዲያገኝ እንዴት ማገዝ ይቻላል?

ዩኒቨርሲቲ የገባን ወጣት «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አሳቢ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ወጣቱ ከወላጆቹ የሰማውን ወይም ጓደኞቹ የመረጡትን የሙያ ስም ነው። ወጣቱ እየዋሸ አይደለም፤ ካላየው ሥራና ካልሞከረው ትምህርት ውስጥ ምረጥ ስለተባለ ነው። ስለዚህ መምህርም ሆነ ወላጅ፣ አማካሪም ሆነ ከእሱ ቀድሞ የገባ ተማሪ፣ አጋዡ መልሱን ከመስጠት ይልቅ ትልቁን ጥያቄ በጥቂት ሳምንታት ተሞክረው ሊመለሱ ወደሚችሉ ትንንሽ ጥያቄዎች መከፋፈል ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ የሙያ ምክር ቢሮ የከፈተው ፍራንክ ፓርሰንስ ነገሩን በሦስት ከፍሎት ነበር፦ ራስን ማወቅ፣ ሥራውን ማወቅ፣ ከዚያም ሁለቱን በሰከነ አእምሮ ማገናዘብ። አከፋፈሉ ዛሬም ይሠራል፤ ሆኖም አዲስ ተማሪ ራሱን የሚያውቀው በአብዛኛው እየሞከረ በመሆኑ፣ ቀጥሎ ያሉት እርምጃዎች የሚሠሩ እንጂ የሚታሰቡ ብቻ አይደሉም።

በመጀመሪያ ተማሪው ምን እንደሚወድ ሳይሆን ምን እንዳደረገ ይጠየቅ። አንድ ደብተር ይያዝና ለአራት ሳምንታት፣ በየሳምንቱ መጨረሻ፣ ማንም ሳያዘው ከተመደበለት በላይ ያነበበውን፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያዘገየውን የቤት ሥራ፣ እንዲሁም ጓደኞቹ «እስቲ አስረዳን» ብለው የመጡበትን ርዕስ ይጻፍበት። ወሩ ሲያልቅ አጋዡ ደብተሩን ከእሱ ጋር ያንብብ፤ ሲያነብም ከኮርሱ ስም ይልቅ በውስጡ ያለውን ድርጊት ይፈልግ። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ የባዮሎጂ ላብራቶሪን እንደወደደች ብትጽፍ፣ የወደደችው ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ማጥናቱን ነው፣ መሣሪያ ይዞ በእጅ መሥራቱን ነው፣ ወይስ የተገኘውን ውጤት በሠንጠረዥ አስቀምጦ መተንተኑን? የመጀመሪያው ወደ ባዮሎጂ፣ ሁለተኛው ወደ ምህንድስና፣ ሦስተኛው ወደ ስታቲስቲክስ ሊያመራ ይችላል። ይህን ሳይለዩ «ባዮሎጂ ይስማማሻል» ማለት ችኮላ ነው።

የዝንባሌ መጠይቆችን መጠቀምም ይቻላል። ብዙዎቹ የስነ ልቦና ምሁሩ ጆን ሆላንድ ሰዎችንና የሥራ አካባቢዎችን በስድስት ዓይነት በከፈለበት ንድፈ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። የሚለኩት ዝንባሌን እንጂ ችሎታን ስላልሆነ፣ ውጤታቸው ለውይይት መነሻ ይሁን እንጂ እንደ ፍርድ አይወሰድ።

ሁለተኛው እርምጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ እሱም የትምህርት ክፍሎቹን ሥርዓተ ትምህርት ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ ምረቃ ድረስ ማንበብ ነው። የዘርፉ ስም ያታልላል። በስነ ልቦና ትምህርት ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ፣ በኢኮኖሚክስ ደግሞ ብዙ ሒሳብ እንዳለ ሳያውቅ የሚገባ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ተማሪው ያጓጉትን ሦስት ዘርፎች ይምረጥና የሦስተኛ ዓመት ኮርሶቻቸውን ዝርዝር ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ የዘርፉ እውነተኛ መልክ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ከቻለም መምህሩን አስፈቅዶ አንድ የሦስተኛ ዓመት ክፍለ ጊዜ ገብቶ ያዳምጥ። በተጨማሪም የትኛው ኮርስ የየትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ በመስመር አያይዞ ይሳል። የመጀመሪያውን የካልኩለስ ኮርስ ያልወሰደ ተማሪ ሁለተኛውን መውሰድ አይችልም፤ ሁለተኛውን ካልወሰደ ደግሞ በብዙ የሳይንስና የምህንድስና ዘርፎች ቢያንስ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ገና ያልወሰነ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙ በሮችን ክፍት የሚያቆየውን ኮርስ ቢያስቀድም እመክራለሁ፤ የሚቀለውን አስቀድሞ ከባዱን ወደ ፊት መግፋት ተማሪው ሳይወስን በሩ እንዲዘጋበት ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ከሚሠራው ሰው አፍ ይስማ። አጋዡ ከሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ሁለት ባለሙያዎችን ያገናኘው፤ አንዱ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሌላው ረጅም ዘመን የሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም የጀማሪው ቀንና የነባሩ ቀን እጅግ ይለያያሉ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «ሥራዎን ይወዱታል?» የሚለው ጥያቄ የጨዋነት መልስ ከማምጣት አያልፍም። «ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን ስብሰባውን፣ የሚጻፈውን ሪፖርት፣ ከባለጉዳይ ጋር የሚደረገውን ክርክር ሳይቀር ይናገራል። ተማሪው የሰማውን በዚያው ዕለት በደብተሩ ይመዝግብ፤ ለባለሙያውም አጭር የምስጋና መልእክት ይላክ።

በዚህ መካከል የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤት መምጣቱ አይቀርም፤ አጋዡ እጅግ ሊጠነቀቅ የሚገባውም ያኔ ነው። ተማሪው «ይህ ዘርፍ ለእኔ አይደለም» ሲል ከማጽናናትም ከመስማማትም በፊት የፈተናውን ወረቀት አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ስህተቶቹ ከሁለተኛ ደረጃ በቀሩ ክፍተቶች የመጡ ከሆነ በትምህርት ድጋፍ ይሞላሉ፤ ከአጠናን ወይም ከእንቅልፍ እጦት ከሆኑ የሚስተካከለው የዕለት ፕሮግራሙ ነው። ትምህርቱን ተረድቶት፣ ጊዜ ሰጥቶት፣ አሁንም ሊከፍተው የማይፈልግ ከሆነ ግን ያ እውነተኛ ምልክት ነው። የስነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እንዳስረዳው፣ «እችለዋለሁ» የሚል እምነትን ከሁሉም በላይ የሚያጠነክረው ራስ ሠርቶ ማሳካት ነው፤ የሌሎች ማበረታቻ ኃይሉ ከዚያ ያነሰ ነው። በመሆኑም «በርታ» ከማለት ይልቅ በዚያው ሳምንት ሊጨርሰው የሚችል አንድ ትንሽ ሥራ መስጠት፣ መምህሩ ተማሪዎችን በሚያነጋግርበት ሰዓትም የተጻፈ ጥያቄ ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ይሻላል። እርዳታ መጠየቅን በመጀመሪያው ዓመት የለመደ ተማሪ በየትኛውም ዘርፍ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻም ውሳኔው ቀን ይቆረጥለት። የዘርፍ ምርጫ የሚዘጋበትን ቀን ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ጠይቆ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አንደኛና ሁለተኛ ምርጫውን ከነምክንያታቸው በአንድ ገጽ ይጻፍ። ዘርፍ ቢቀይር የትኞቹ ክሬዲቶች እንደሚያዙለትና የትኞቹ እንደሚቀሩ በዚያው ጊዜ ይጠይቅ። ምርጫው ቤተሰብ ከጠበቀው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ «አልወደድኩትም» ብቻ ብሎ ከመቅረብ ይልቅ የአራት ሳምንቱን ማስታወሻ፣ የኮርሶቹን ዝርዝርና ከባለሙያዎቹ የሰማውን ይዞ ከአባትና ከእናቱ ጋር ይቀመጥ፤ አጋዡም ከተፈቀደለት አብሮ ይገኝ፣ መናገሩን ግን ለተማሪው ይተውለት።