ጡረታ ለመውጣት ሲያስቡ፦ ቀኑን እንዴት እንደሚወስኑ፣ ጠዋቱንስ በምን እንደሚሞሉ

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ሰኞ፣ እንደ ልማዴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነቃሁ። ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩ። የግቢው በር ጋ ስደርስ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ አለኝ።

ድሬዳዋ ላይ ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ። ለጡረታዬ ብሩን አስልቼ፣ ወረቀቱን አሟልቼ ነበር። ያን ጠዋት ግን የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። እንደኔ አስተያየት፣ ከሥራ ስንወጣ አጥንት ድረስ የሚሰማን ይሄ ነው። ብሩም ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምርና ወደ ጠዋቱ እመለሳለሁ።

1. ፋይልዎን አስቀድመው ያስወጡ

መውጫዎ ሊደርስ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲቀረው ወደ ሰው ሀብት ክፍል ይሂዱና የግል ማኅደርዎን ገጽ በገጽ ይዩት። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የሚታየው ግን መጀመሪያ ሲቀጠሩ የሞሉት የልደት ቀን ነው። በወጣትነትዎ ዕድሜዎን ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ሞልተው ከሆነ፣ መውጫዎን የሚወስነው ያ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ደብዳቤው እጁ ሲገባ ነው፣ ይደነግጣል።

የኔ ጉድለት ሌላ ነበር። ገጠር ያስተማርኩባቸው ሦስት ዓመታት ፋይሌ ውስጥ የሉም። የአገልግሎት ማስረጃውን ለማግኘት ወራት ተመላለስኩ። አንዱ መዝገብ ቤት ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ያኛው ይመልሰኛል። በመጨረሻ ያዳነኝ ሣጥኔ ሥር ያስቀመጥኩት የድሮ የዝውውር ደብዳቤ ነው። እባክዎ የቅጥር፣ የዝውውር እና የዕድገት ደብዳቤዎችዎን በአንድ ፖስታ ያኑሩ። ስምዎ በመታወቂያው፣ በፋይሉ እና በባንክ ደብተሩ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑንም ያረጋግጡ። በአንዲት ፊደል ልዩነት ሲንከራተቱ ያየኋቸው አሉ።

የጋብቻ ምስክር ወረቀትም አይርሱ። ባለ ጡረታው ሲሞት የትዳር ጓደኛው የአበሉን 50 በመቶ ያገኛል። አንድ ጣሪያ ሥር 40 ዓመት ኖረው ወረቀት የሌላቸው ባልና ሚስት በከተማችን ብዙ ናቸው። ሐዘን ላይ ተቀምጦ ማስረጃ መፈለግ ምን ያህል እንደሚከብድ ጎረቤቴ ላይ አይቻለሁ።

2. ስሌቱን በራስዎ እጅ ይሥሩት

ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው በ60 ዓመቱ ሲወጣ ዕድሜ ልኩን አበል ያገኛል። ከዚያ በታች ከሆነ የሚሰጠው ዳረጎት ነው፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል። ለሲቪል ሠራተኛ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይያዙ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶውን ይወስዳሉ። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምራሉ። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ለምሳሌ አማካይ ደመወዝዎ 12,000 ብር፣ አገልግሎትዎ 32 ዓመት ይሁን። 22 ዓመት በ1.25 ሲባዛ 27.5 ነው። 30 ሲጨመርበት 57.5 በመቶ፣ ማለትም 6,900 ብር ይሆናል። ይሄንን እጅዎ ላይ ከሚገባው ደመወዝ ጋር ያወዳድሩት። ጡረታ ከወጡ በኋላ 7 በመቶው መዋጮ አይቆረጥም፣ አበሉም የገቢ ግብር የለበትም። ስለዚህ ልዩነቱ መጀመሪያ እንዳስፈራዎት ላይሆን ይችላል።

የመንግሥት ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው በ1268/2014 ይተዳደራል። ከመፈረምዎ በፊት ስሌትዎን ይዘው ወደሚመለከትዎ የማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ይሂዱና ያስተያዩት።

3. ሁለት ወር በጡረታ ብር ኖረው ይሞክሩት

ደመወዝ ሲገባ ከአበሉ በላይ ያለውን ወዲያው ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውሩ። በቀረው ይኑሩ። ወጪውን በደብተር ይጻፉ፣ ምንም ሳይደብቁ። የድሬ ሰው ከሆኑ አንዱን ወር ግንቦት ወይም ሰኔ ያድርጉት፤ ቬንትሌተሩም ውኃውም ብር የሚበላው ያኔ ነው። የእድር፣ የሠርግና የለቅሶ ወጪ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ይግባበት።

ጫቱም ይጻፍ። ይሄን የምለው ለመውቀስ አይደለም፣ እዚህ ሀገር በርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ መቃሙ፣ መገናኛችን ነው። ግን ሥራ ያለው ሰው ከሰዓቱን ብቻ ነው የሚቅመው። ሥራ ሲቀር ጠዋቱም ወደ በርጫ ሲሳብ አይቻለሁ። ገንዘቡ ያልቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። ልኩን አሁኑኑ፣ ገና ሥራ ላይ እያሉ ይወስኑ።

4. በ55 ወይስ በ60?

25 ዓመት ያገለገለ ሰው መደበኛው ዕድሜ ሊደርስ አምስት ዓመት ሲቀረው በፈቃዱ ጡረታ መውጣት ይችላል። ጤናዎ ሥራውን ካልቻለው ይውጡ፣ አያመንቱ። በአለቃ ተናደው ወይም ሰው ሲወጣ አይተው ከሆነ ግን ስድስት ወር ይታገሱ። ንዴት ያልፋል፣ የፈረሙት ደብዳቤ ግን አይመለስም። ገና የሚያስተምሩት ልጅ ካለ፣ አምስቱ ዓመታት የአገልግሎት ዘመንንም አማካይ ደመወዝንም ስለሚጨምሩ ሁለቱንም አስልተው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው።

5. የሚጠብቅዎትን ሰው ያዘጋጁ

እኔ ያልሠራሁት የቤት ሥራ ይሄ ነበር። አራት ወር ያህል ከአልጋ እስከ ቴሌቪዥን ተመላለስኩ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ማንበብ አቅቶት ሲያለቅስ ሰማሁና አስገባሁት። በሳምንቱ ጓደኛውን ይዞ መጣ። አሁን ሰኞ፣ ረቡዕ እና ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ግቢዬ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሰባት ልጆች ይቀመጣሉ። አምስት ደቂቃ ከዘገየሁ በሩን እየደበደቡ «ቲቸር!» ይሉኛል። ያቺ ድምፅ ናት ያቆመችኝ።

እርስዎ ይሄን ሳይወጡ ይጀምሩት። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ከዚራ ሠፈር የቀድሞ የምድር ባቡር ሰዎች ወርክሾፕ ውስጥ የለመዱትን ሙያ ለወጣት መካኒኮች ሲያሳዩ ያገኟቸዋል። ሙያ አይሸበትም። የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው የእድሩን ደብተር ይያዝ። ነርስ የነበረች የሠፈሩን አራስ ትጠይቅ። ሐረር ከሆኑ አፎቻ አለ። የወንዶቹም የሴቶቹም ለየብቻው ሆኖ ለሠርግም ለለቅሶም የሚደርስ ማኅበር ነው፣ ሥራ የሚያግዝ ሰው ሁሌ ይፈልጋል። ዋናው ነገር ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ፣ ቢቀሩ የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑ ነው። «ሲመቸኝ እሄዳለሁ» የሚሉት ነገር በወሩ ይቀራል።

6. የት እንደሚኖሩ አይቸኩሉ

ልጆች «አዲስ አበባ ኑልን» ይላሉ፣ ከፍቅር ነው። ይሂዱ፣ ግን መጀመሪያ ለሁለት ወር። ቤትዎን አይሽጡ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግቶ ልጅ ከሥራ እስኪመለስ መጠበቅ ለኛ ለበረንዳ ሰዎች ይከብዳል። ሙቀቱ ከሆነ ያስቸገረዎት ሐረር ቅርብ ናት። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ በደንገጎ ዳገት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወዳጄ በሙቀቱ ወራት ዘመዶቿ ጋ ጀጎል ትወጣለች፣ ሆጃዋን እየጠጣች ከርማ ለመስከረም ትመለሳለች።

በእግር መሄድን እዚህ ላይ ልጨምር። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይሂዱ። ከዚያ ፀሐዩ አይቻልም።

7. ከቤትዎ ሰው ጋር ይነጋገሩ

ባልየው ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል ወጥ ቤቱ ድረስ ገብቶ ሽንኩርት አቆራረጥ ያርማል። ሚስትየዋ ሠላሳ ዓመት በራሷ ሥርዓት ያዛ የኖረችው ቤት ነው። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን መቼ እንደሚወጣ አስቀድመው ይስማሙ። ስለ ብሩም ይነጋገሩ። ጡረታ መውጣትዎ እንደተሰማ አንዱ ዘመድ ለባጃጅ ቀብድ፣ ሌላው ለጉዞ ብድር ይጠይቃል። «ከባለቤቴ ሳልመክር ብር አላወጣም» የሚል አንድ መልስ ለሁለታችሁም ይሁን።

8. ከመፈረምዎ በፊት

አንድ ወረቀት ይውሰዱ። የሦስት ሰዎችን ስም ይጻፉ፦ ከሥራ በወጡ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠብቁዎትን። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቀኑን፣ ሰዓቱን እና ቦታውን ይሙሉ። ከዚያ ለሦስቱም ደውለው ይንገሯቸው። ሁለት ስም ላይ ከቆሙ ማመልከቻውን መሳቢያ ውስጥ ያቆዩትና ሦስተኛውን ይፈልጉ።