ስቶቭ አልሰራ ሲል፤ ሬዚስታንስ ከመቀየራችሁ በፊት

ደሴ ውስጥ ስቶቭ ተበላሸ ሲባል ቶሎ እሚወነጀለው ሬዚስታንሱ (ውስጡ ያለው እሚግለው ሽቦ) ነው፣ "ተቃጥሏል ቀይሩት" ይባልና ሰው ብሩን ይዞ ወደ ፒያሳ ይሮጣል፣ አዲሱ ተገጥሞም ወጡ ያው እንደ ድሮው ሰዓት ይፈጃል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከስቶቩ ውጪ ነው፣ ወይ መስመሩ ወይ ስፒናው ወይ ድስቱ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከተማው ራሱ (ወደ ታች እመጣበታለሁ)። ስለዚ ከውጪ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። ምንም ነገር ከመክፈታችሁ በፊት ግን ብሬከር ማውረድ፣ ስፒና መንቀል። ቁልፉን ዜሮ ላይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፣ ለምን እንደሆነ "ይነዝራል" እሚለው ጋ አለ።

ጭራሽ አይበራም

መጀመሪያ ቀላሉን እዩ፣ ጎረቤት መብራት አለ ወይ፣ ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ሂሳቡ አላለቀም ወይ፣ ብሬከሩ አልወረደም ወይ። ከዛ እዛው ሶኬት ላይ ሌላ እቃ ሰክታችሁ ሞክሩ። ሌላው እቃ ከሰራ ስፒናውን ንቀሉና እግሮቹን በደንብ እዩአቸው፣ አንዱ እግር ጠቁሮ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቡኒ ሆኖ ከቀለጠ፣ ጠጋ ብላችሁ ስታሸቱትም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ነገሩ እዛ ነው። ስፒናውንም ሶኬቱንም ሁለቱንም ቀይሩ፣ አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ የላላው አሮጌው አዲሱን መልሶ ያቃጥለዋል።

ፕሌቶቹ እየሰሩ ኦቨኑ ብቻ እምቢ ካለ፣ ዲጂታል ሰዓት ያለው ስቶቭም ከሆነ አብሽሩ፣ አልተበላሸም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለስና ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ሰዓቱ እስኪሞላ ወይ ወደ ማኑዋል (የእጅ ምልክት ያለው) እስኪመለስ ኦቨኑን አይለቁትም። መብራት ስንቴ እንደሚሄድ እኛው እናውቃለን፣ ለዚች ብሎ ባለሙያ ጠርቶ መክፈል ያናድዳል።

ይሞቃል ግን አያበስልም

ትልቁ ስሞታ ይሄ ነው፣ ሬዚስታንስ በከንቱ እሚያስቀይረውም ይሄው ነው። ሬዚስታንስ ሲሞት ይሞታል እንጂ እያረጀ ቀስ በቀስ አይደክምም (ፕሌት ውስጥ ያሉት ሶስት ጥቅሎች ጉዳይ ሌላ ነው፣ ቀጥሎ አለ)። ስለዚ "ጠዋት ደህና ነበር ማታ ደከመ" ካላችሁ ጥፋቱን መስመሩ ላይ ፈልጉት።

አገራችን መስመሩ 220 ቮልት ነው፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ስቶቭ ሲለኩስ ግን ይወርዳል። የስቶቭ ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ ከዛ በላይ ነው እሚወርደው፦ 220 የነበረው 180 ቢሆን የ1500 ዋት ፕሌት ወደ 1000 ዋት ገደማ ይወርዳል፣ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ያንኑ ድስት ያንኑ ውሃ በዛው ፕሌት ላይ አንዴ ማታ 1 ሰዓት አንዴ ሌሊት 11 ሰዓት አፍሉ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ስቶቩን አትንኩት። "ስታብላይዘር ግዙ" እሚል አይጠፋም፣ የቲቪና የፍሪጅ ስታብላይዘር ግን ስቶቭ አይችልም፣ እሚችለውን ለመግዛት ደግሞ ብሩ ሌላ ስቶቭ ይገዛል። ሽሮውንና ወጡን በጊዜ መጣድ ይሻላል።

ሌላው ከቤቱ ወደ ጓሮ ኩሽና የተጎተተው ሽቦ ነው፣ በተለይ ኪራይ ቤት። ለአምፖል የተዘረጋ 1.5 ካሬ (ካሬ የሽቦው ውፍረት ነው) ሽቦ ላይ ምጣድ፣ ምጣዱ ላይ በዲቫይደር ስቶቭ ተደርቦ ይገኛል። ስቶቩ ግማሽ ሰዓት ከነደደ በኋላ የሽቦውን ልባስ ከላይ በእጃችሁ ጀርባ ነካ አድርጉት፣ ሞቅ ካለ ወደ ድስቱ መሄድ የነበረበት ሙቀት ግድግዳው ላይ እየቀረ ነው፣ እሳት እሚያስነሳውም እሱ ነው። ለአንድ ተራ ሶኬት 2.5፣ አራት ፕሌትና ኦቨን ላለው ግን ለብቻው ከብሬከር የመጣ ቢያንስ 6 ካሬ መስመር ነው እሚያስፈልገው፣ ዲቫይደር ጭራሽ አይታሰብም።

ድስቱንም እዩ። ስሩ የጎበጠ ድስት ጠፍጣፋ ፕሌት ላይ መሀሉን ብቻ ነው እሚነካው፣ ጀበናማ ጭራሽ። ኢንዳክሽን የገዛችሁ ደግሞ ማግኔት እማይዘው ድስት (አሉሚኒየም፣ ሸክላ) አይሰራላችሁም፣ ብልሽት አይደለም። መስታወት የሚመስለው ስቶቭ ላይ ቀዩ ብርሃን ጠፋ በራ ማለቱም ብልሽት አይደለም፣ ሙቀቱን እየመጠነ ነው።

ከተማው ያልኩት ይሄ ነው፦ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው እሚፈላው፣ ወረድ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94 ይጠጋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቤት የቀየረ ሰው "ሽምብራው አልበስል አለኝ፣ ስቶቩ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ተጎድቶ ነው" ቢል አይፈረድበትም ግን ስቶቩ ምንም አልሆነም። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ቁልፉን 6 ላይ ማድረግ ቆጣሪውን ያስሮጠዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም። ጥራጥሬውን አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ ከተቻለ ፕሬዠር ኩከር፣ ሌላ መላ የለውም።

በአንዱ ቁጥር ይሰራል በሌላው አይሰራም

ከ0 እስከ 6 ያለው ጠፍጣፋ የብረት ፕሌት ውስጥ አንድ ሳይሆን ሶስት የሽቦ ጥቅሎች ናቸው ያሉት፣ ቁልፉ እነሱን በተለያየ መንገድ እያገናኘ ነው ሙቀቱን እሚቀያይረው። በዝቅተኛው ቁጥር ሶስቱም ተከታትለው ስለሚያያዙ አንዷ ከተበጠሰች ምንም አይሞቅም፣ በከፍተኛው ግን ጎን ለጎን ስለሆኑ የቀሩት ይሰራሉ፣ ብቻ ደካማ ይሆናል። ስለዚ በትንሹ ሙት በትልቁ ለብ ከሆነ እዚህ ጋ እውነትም ፕሌቱ ነው፣ ቀይሩት። ቁልፉን ስታዞሩ ጠጠጠ እሚል ድምፅ ካለ ወይ ወደ ጎን ገፋ ስታደርጉት ብቻ እሚሰራ ከሆነ ደግሞ ስዊቹ ነው። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ሳይሆን ዝም ብሎ እሚዞር አይነት ላይ፣ የትም ብታደርጉት እኩል እሚነድ ከሆነ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ተጣብቋል፣ አይጠገንም፣ ይቀየራል።

ብሬከር ይጥላል

መቼ እንደሚጥል ነው ዋናው ጥያቄ። ገና ስትለኩሱት ወዲያው ከጣለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል፣ እየደጋገማችሁ አታንሱት። ትንሽ ቆይቶ፣ በተለይ ምጣድ ሲጨመር ከሆነ ጭነት ነው፦ ምጣዱ 3500 ዋት አካባቢ፣ ሁለት ፕሌት 3000፣ ድምሩ ወደ 30 አምፔር ነው፣ 20 ወይ 25 ብሬከር አይሸከመውም። እንጀራና ወጥ በተራ። ብሬከሩን በትልቅ እሚቀይር ካለ አስቁሙት፣ ሽቦው ያው ቀጭኑ ነው።

የመሞከሪያ ቁልፍ ያለችው ብሬከር ብቻ ከጣለች ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ስቶቩ ቆርቆሮ እሚያፈስ ነገር አለ። ክረምት ላይ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ሲረጥብ፣ ብዙ ሳይሰራ የቆመ ስቶቭ ይሄን ይወዳል፣ ሬዚስታንሱ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት እርጥበት ይስባልና። ነቅላችሁ ፀሀይ ላይ አድርቁት፣ ከዛ በትንሹ ቁጥር ያለ ድስት ለትንሽ ጊዜ። ካልተወው ባለሙያ።

ይነዝራል

ድስቱን ስትነኩ ውርር ካደረጋችሁ "ትንሽ ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ በባዶ እግር እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከሆናችሁ ትንሹ ይገድላል። ምክንያቱ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲገኝ ነው፣ አንዱ ከላይ ያልኩት ማፍሰስ፣ ሁለተኛው ግራውንድ (የፈሰሰውን ወደ መሬት እሚወስደው ሽቦ) አለመኖሩ። ሶኬቱ የግራውንድ ብረት ኖሮት ከኋላው ሽቦ ያልመጣለት ብዙ ቤት አለ። የኛ ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይገባል፣ ስዊቹ አንዱን ሽቦ ብቻ እሚቆርጥ ከሆነ ዜሮ ላይ ሆኖም ሬዚስታንሱ ላይ ፌዝ (እሚነዝረው መስመር) ይቀራል፣ ለዛ ነው ንቀሉ ያልኩት። ጫማ አድርጎ ማብሰል መፍትሄ አይደለም፣ ግራውንድ ይዘርጋለት፣ እስከዛ ስቶቩ አይሰካ።

ኦቨኑ

ድፎው ላዩ ጠቁሮ ታቹ ሊጥ ከሆነ የታችኛው ሬዚስታንስ አልቋል። የታቹን ብቻ ለኩሱና ከአምስት ደቂቃ በኋላ እጃችሁን ሳትነኩ አስጠጉ፣ ሙቀት ከሌለ እሱ ነው። ሁሉም ነገር እያረረ ከሆነ ግን ግድግዳው ላይ የምትያዘው ቀጭኗ የተርሞስታት ዘንግ ከመያዣዋ ወልቃ እንደሆነ እዩ፣ መልሶ መሰካት ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ፎይል አታንጥፉ።

የሽቦው ስቶቭ

የተጠመጠመው ሽቦ ሲበጠስ ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው፣ ይሰራልም፣ ግን ሽቦው ባጠረ ቁጥር ብዙ መብራት ይስባል፣ የተቀጠለችው ቦታ ደግሞ ከሌላው በላይ ስለምትግል መጀመሪያ እሷው ትበጠሳለች። ለዛሬ እራት ይሁን፣ ነገ ሙሉውን ቀይሩት።

ሬዚስታንስ ወይ ፕሌት ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ዋቱ፣ ስፋቱና የእግሮቹ ብዛት አንድ መሆን አለበት፣ ሻጩ "ይሄ 2000 ነው፣ ይሻላል" ካላችሁ ስዊቹና ሽቦው ለ1500 የተሰራ ነውና እምቢ በሉ። ከመግጠማችሁ በፊት የሽቦዎቹን ቦታ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ጫፋቸው የጠቆረውን እስከ ንፁሁ መዳብ ቆርጣችሁ ብሎኑን ጥብቅ አድርጉ።