ለጓሮ ምድጃ የሚሆን ጡብ በመጠነኛ ዋጋ ያገኘሁበት መንገድ

በአዲስ አበባ ግቢዬ ውስጥ ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት የጡብ ምድጃ ለመሥራት ስነሣ ከሁሉ የከበደኝ የጡቡ ዋጋ ነበር፤ ከፍተኛ ሙቀት እንዲችል ተብሎ በተለየ የሚሠራው ጡብ ምድጃውን በሙሉ ለመገንባት ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ችግሩ የተፈታው ሥራውን ለሁለት ስከፍለው ነው። እሳቱ የሚነድበትንና ዳቦው የሚቀመጥበትን ወለል ብቻ በውዱ ጡብ ሠርቼ፣ ግድግዳውንና ጉልላቱን ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች በተገዛ ቀይ የሸክላ ጡብ ገነባሁ። የሸክላ ጡብ ሲመረት በ900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢና ከዚያም በላይ በእሳት የሚተኮስ በመሆኑ፣ ከ400 ዲግሪ እምብዛም የማያልፈውን የዳቦ ምድጃ ሙቀት በሚገባ ይችላል።

አሮጌ ጡብ ሲገዛ ግን ምርጫው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁለቱን አጋጭቶ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን መውሰድ፣ ድምፁ የታፈነውን፣ የተሰነጠቀውንና ቀዳዳ ያለውን መተው ያስፈልጋል። በኖራ ወይም በጭቃ የተገነባ ጡብ በመዶሻና በመሮ በቀላሉ ይጸዳል፤ በሲሚንቶ የተያያዘው ግን ሲላቀቅ ብዙው ስለሚሰበር፣ ርካሽ ቢመስልም አልመክረውም። ሲሚንቶ በከፍተኛ ሙቀት ጥንካሬውን ስለሚያጣ ብሎኬትም ፈጽሞ ምትክ አይሆንም፤ በዚሁ ምክንያት ለመጋጠሚያው የሸክላ አፈርና የአሸዋ ቅልቅል ተጠቀምኩ። ግንባታው እንዳለቀ ለተከታታይ ቀናት መጠኑ ቀስ በቀስ የሚጨምር ትንሽ እሳት አነደድኩበት፤ በጡቡና በጭቃው ውስጥ የቀረው እርጥበት ዝግ ብሎ ካልወጣ እንፋሎቱ ጉልላቱን ይሰነጥቀዋልና።