የዝልግልግነትን መጠን ከአንድ መለኪያ ወደ ሌላው እንዴት እንቀይራለን?

የአንድ ፈሳሽ ዝልግልግነት፣ ማለትም ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሳዩት የመፍሰስ ተቃውሞ፣ በአንዱ መጽሐፍ በፖይዝ፣ በሌላው በፓስካል ሴኮንድ፣ በሞተር ዘይት መግለጫ ላይ ደግሞ በሴንቲስቶክስ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ከማባዛትና ከማካፈል በፊት የተጻፈው የትኛው ዝልግልግነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ፖይዝና ፓስካል ሴኮንድ የዳይናሚክ ቪስኮሲቲ፣ ማለትም የዚያ የመፍሰስ ተቃውሞ የራሱ መለኪያዎች ሲሆኑ፣ ሴንቲስቶክስ ግን የኪነማቲክ ቪስኮሲቲ፣ ማለትም ዳይናሚኩ ለፈሳሹ እፍግታ (መጠነ ቁስ ለይዘት) ሲካፈል የሚገኘው መለኪያ በመሆኑ እፍግታው ሳይታወቅ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም።

በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት 1 ፓስካል ሴኮንድ ማለት 1 ኪሎ ግራም ለሜትርና ለሴኮንድ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በቀጭን ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፉ ፈሳሾችን ባጠናው በፈረንሳዊው ሐኪም በዣን ፑዋዜይ ስም የተሰየመው ፖይዝ ደግሞ 1 ግራም ለሴንቲ ሜትርና ለሴኮንድ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ኪሎ ግራሙን ወደ 1000 ግራም፣ ሜትሩን ወደ 100 ሴንቲ ሜትር ብንለውጥ 1000 ለ100 ተካፍሎ 10 ይሆናል፤ ስለዚህ 1 ፓስካል ሴኮንድ 10 ፖይዝ ነው። ይህን ስሌት አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት ሰንጠረዥ ከመሸምደድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ቁጥሩ ቢረሳ እንኳ ከመነሻው መልሶ ማግኘት ይቻላልና።

ሴንቲፖይዝ የፖይዝ አንድ መቶኛ ስለሆነ ከ1 ሚሊፓስካል ሴኮንድ ጋር በትክክል እኩል ነው፤ በሁለቱ መካከል ስሙ እንጂ ቁጥሩ አይቀየርም። ለምሳሌ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.41 ፓስካል ሴኮንድ ገደማ የሆነው ግሊሰሪን 14.1 ፖይዝ ወይም 1410 ሴንቲፖይዝ ነው። በዚሁ ሙቀት የውሃ ዝልግልግነት 1 ሴንቲፖይዝ ያህል መሆኑን ማስታወስ ውጤትን ለማመዛዘን ይረዳል፤ ቀጭን ዘይት ከውሃ በታች ሆኖ ከተገኘ የነጥቡ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው።

በፓውንድ የተጻፉ ቁጥሮች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። ፓውንዱ የመጠነ ቁስ ከሆነ፣ 1 ፓውንድ ለጫማና ለሴኮንድ ብዜት ሲካፈል 1.488 ፓስካል ሴኮንድ ነው። ፓውንዱ የኃይል መለኪያ ከሆነ ግን፣ በሴኮንድ ተባዝቶ ለጫማ ካሬ ሲካፈል 47.88 ፓስካል ሴኮንድ ይሆናል። ሁለቱን ማደናገር ውጤቱን 32 እጥፍ ገደማ ያዛባል።

ከሴንቲስቶክስ ወደ ሴንቲፖይዝ ለመሄድ ቁጥሩን በግራም ለኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በተገለጸ እፍግታ እናባዛለን፤ ለመመለስ እናካፍላለን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የዘይት መግለጫ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ዝልግልግነቱን በ100 ዲግሪ፣ እፍግታውን ግን በ15 ዲግሪ ይሰጣል። በ100 ዲግሪ 14 ሴንቲስቶክስ የሆነን ዘይት በወረቀቱ ላይ ባለው 0.87 ብናባዛው 12.2 ሴንቲፖይዝ እናገኛለን። ነገር ግን የማዕድን ዘይት ይዘት ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.0007 ገደማ ስለሚጨምር፣ በ85 ዲግሪ ልዩነት እፍግታው ወደ 0.82 ይወርዳል፤ ትክክለኛው ውጤትም 11.5 ሴንቲፖይዝ ያህል ነው። ስለዚህ እፍግታውን አስቀድሞ ዝልግልግነቱ ወደተለካበት ሙቀት ማምጣት፣ የተገኘውንም ቁጥር ከነሙቀቱ መጻፍ ይገባል።