የተገለበጠው ሞተር፦ የያማሃ ዋይዜድ450ኤፍ ሞቶክሮስ ችግሮች ከምልክት እስከ መፍትሄ

ያማሃ ዋይዜድ450ኤፍ የተባለውን የሞቶክሮስ (በአፈር ሜዳ ላይ የሚደረግ ውድድር) ሞተር ሳይክሉን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለ2010 ሞዴል እንደ አዲስ ሲነድፈው ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ራስ) ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ገጠመው። በአብዛኞቹ የሞቶክሮስ ሞተሮች አየርና ነዳጅ ከኋላ በኩል ይገባሉ፣ ጭሱም ከፊት ይወጣል። በዚህኛው ተገላቢጦሽ ነው። ሲሊንደሩም ወደ ኋላ ጋደል ብሏል። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ቀርቶ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ተተክቷል፣ አምስት የነበሩት ቫልቮች አራት ሆነዋል። የአየር ፊልትሮው ከመቀመጫው ሥር ወጥቶ ወደ ፊት፣ ከመሪው አጠገብ ሄዷል፤ የነዳጅ ታንኩ ደግሞ በተራው ወደ መቀመጫው ሥር ወርዷል።

ዓላማው ግልጽ ነበር፦ አየሩ ሳይጠማዘዝ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ወደ ሲሊንደሩ እንዲወርድ፣ ክብደቱም ወደ መሃል እንዲሰበሰብ። ነገር ግን ክፍሎቹ ቦታ ሲለዋወጡ የብልሽቶቹም አድራሻ አብሮ ተለወጠ። የጓዳው በር ወደ ዋናው መንገድ እንደዞረበት ቤት ነው፤ የድሮውን ቤት የሚያውቅ ሰው እዚህ ግድግዳ ያንኳኳል። በካርቡሬተር ዘመን የተካነ መካኒክም ምልክቱን በትክክል አይቶ ምክንያቱን በሌለበት ሲፈልግ ይውላል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ከ2010 እስከ 2017 ያሉትን በእግር የሚነሡ ሞዴሎች ይመለከታል።

አልነሣ ሲል

ብዙ ቅሬታ የሚሰማው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

መጀመሪያ ልማድን እንመርምር። የካርቡሬተር ሞተር ሳይክል የለመደ ሰው ፔዳሉን ከመምታቱ በፊት የጋዝ እጀታውን አንድ ሁለቴ ያዞራል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፓምፕ ነዳጅ እንድትረጭለት ነው። በነዳጅ መርጫው ሞተር ይህ ምንም አይፈይድም። እንዲያውም ጋዙን ከፍቶ ይዞ መምታት አየሩን ያበዛና ማስነሣቱን ያከብደዋል። እጅዎን ከጋዙ ላይ ያንሡ። ፔዳሉን በቀስታ ገፍተው ሞተሩ ጠንከር የሚልበት ቦታ ላይ ያድርሱት፤ ከዚያ ወደ ላይ መልሰው እስከ መጨረሻው ድረስ በአንድ ትንፋሽ ይምቱት። እስከ መጨረሻው የሚባለው በምክንያት ነው። በእነዚህ ሞዴሎች ላይ ባትሪ የለም። ለኮምፒውተሩ፣ ለነዳጅ ፓምፑ፣ ለመርጫውና ለካንዴላው የሚሆነው ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚመነጨው በእግርዎ ምት ከሚሽከረከረው ጄኔሬተር ነው። ግማሽ ምት ግማሽ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ታንኩ ተፈቶ ከተገጠመ ወይም ነዳጅ አልቆ ከተሞላ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ምቶች የነዳጁን መሥመር በግፊት ከመሙላት ያለፈ ሥራ ስለማይሠሩ አይበሳጩ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ የቀዝቃዛ ማስነሻ መጎተቻውን ይሳቡ፣ ሲሞቅ ይመልሱት። ሲሞቅ ብቻ አልነሣ ካለ፣ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች መሪው ላይ የነበረችውን የትኩስ ማስነሻ ምላስ አይፈልጓት። አልወደቀችም፤ የነዳጅ መርጫው ስላላስፈለጋት ቀርታለች። ወድቆ ከተነሣ በኋላ እምቢ ካለ ብዙውን ጊዜ ሲሊንደሩ በነዳጅ ጠግቧል ማለት ነው። ያኔ ብቻ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍተው በቀስታ ደጋግመው ይምቱና ትርፉን ነዳጅ ያስወጡ፤ ከዚያ ጋዙን ዘግተው እንደ ወትሮው ያስነሡ።

ፔዳሉ ራሱ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ወይም እግርን መልሶ ከመታ ጉዳዩ ሌላ ነው። በ1998 የወጣው ዋይዜድ400ኤፍ፣ ዳግ ሄንሪ በ1997 ላስ ቬጋስ ላይ የሱፐርክሮስ (በስታዲየም የሚደረግ ሞቶክሮስ) ውድድር ያሸነፈበት የሙከራ ሞተር ሳይክል ታናሽ ወንድም፣ የሲሊንደሩን ግፊት በእጅ የሚያስተነፍስ ምላስ ነበረው። በአዲሱ ይህን ሥራ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን የሚገፋው ካምሻፍት በራሱ ይሠራዋል፤ በማስነሻ ጊዜ ቫልቩን በጥቂቱ ያነሣዋል። የጭስ ቫልቮቹ ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩና በሚገፋው ካምሻፍት መካከል ያለው ቀጭን ቦታ፣ ከልክ በላይ ከሰፋ ግን ያች ጥቂት ማንሻ አትደርስበትም። ስለዚህ ፔዳሉን ከመውቀስዎ በፊት የቫልቭ ክፍተት ይለኩ።

አሁን ወደ ዋናው ተጠያቂ ደረስን። ሞተሩ በእግር አልነሣ ብሎ ተገፍቶ የሚነሣ ከሆነ፣ ወይም ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚያስፈልገው የምት ብዛት እየጨመረ ከመጣ፣ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹ ክፍተት ጠብቧል ብለው ይጠርጥሩ። ቫልቮቹ ከታይታኒየም የተሠሩ ናቸው፤ ቀላል ስለሆኑ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እንዲሽከረከር ያስችሉታል። ድክመታቸው የሚያረፉበት ፊት ቀጭን ጠንካራ ልባስ ያለው መሆኑ ነው። በፊልትሮው ሾልኮ የገባ አቧራ ልባሱን ይፍቀዋል፤ ልባሱ ከተፋቀ በኋላ ቫልቩ በፍጥነት እየተበላ ወደ መቀመጫው ይሰምጣል፤ ክፍተቱም ይጠፋል። ክፍተት የሌለው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግፊቱም ያመልጣል።

መፍትሄው ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክፍተቱን በስስ መለኪያ ለክቶ፣ በዓመተ ምርቱ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው ልክ ጋር አነጻጽሮ፣ በቫልቩ ራስ ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ ክብ ማስተካከያ በቀጭን መለወጥ ነው። አንድ ጊዜ ማስተካከል ጤናማ ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሲጠብ ግን ማስተካከያ እየቀያየሩ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው፤ ቫልቩ አልቋል። ይቀየር፣ መቀመጫውም በማሽን እንደገና ይቆረጥ። እዚህ ላይ አንድ የቆየ የጋራዥ ልማድ ሞተር ይገድላል፦ ቫልቩን በመፍጫ ቅባት መቀመጫው ላይ ማሸት። ለብረት ቫልቭ መድኃኒት የሆነው ለታይታኒየም መርዝ ነው፤ የቀረውን ልባስ በአንድ ከሰዓት ጠርጎ ያወጣዋል። ከውድድር ይልቅ ለመዝናናት የሚነዳ ሰው የብረት ቫልቭ ማስገባት ይችላል፤ ይበልጥ ስለሚከብድ ግን አብሮት የሚስማማ ጠንካራ ሞላ መግባት አለበት።

ካንዴላውን መቀየር ርካሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ይሞከር። ነገር ግን ካንዴላ እየቀያየሩ ቫልቭ ሳይለኩ ወራት ማሳለፍ የተለመደ ስንፍና ነው።

አቧራው ከየት ገባ?

ፊልትሮው ወደ ፊት መሄዱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የኋላ ጎማ ከሚያነሣው አቧራና ጭቃ ርቋል። ችግሩ ሲፈታ ነው። የአየር መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑ፣ ሽፋኑ ላይ የተቀመጠ አሸዋ ፊልትሮው በሚወጣበት ቅጽበት የሚወድቀው ወደ ሞተሩ አፍ ነው። ሽፋኑን ከመክፈትዎ በፊት አካባቢውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ፊልትሮው እንደወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። በግፊት ውኃ ሲያጥቡም ውኃውን በቀጥታ ወደዚያ አያዙሩ። ስፖንጁ በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በፊልትሮ ዘይት ታሽቶ ጠርዙ በቅባት መገጠም አለበት።

ከአፍንጫ ሥር የሚሰማው ጩኸት

ጋዝ ሲሰጡ ከመሪው ሥር ኃይለኛ የመሳብ ድምፅ ይሰማል። አዲስ ገዢዎች የተሰነጠቀ ነገር ይፈልጋሉ። ብልሽት አይደለም፤ የአየር መግቢያው አሁን ከፊትዎ ስለሆነ ነው። ይለመዳል።

ጋዝ ሲነካ ይወረወራል፣ ወይም ይደክማል

የ2010ሩ ሞዴል በዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበቱን በድንገት በመልቀቅ ይታማ ነበር። ከመታጠፊያ ሲወጡ ሞተር ሳይክሉ ቀድሞ ይሮጣል፣ ክንድ ይደክማል። መፍትሄው ያማሃ ለብቻው ያቀረበው ፓወር ቲዩነር የሚባል በእጅ የሚያዝ ማስተካከያ ነው፤ ያለ ላፕቶፕ ይሠራል። ነዳጁንና የካንዴላውን ብልጭታ ጊዜ እንደ ጋዙ አከፋፈትና እንደ ሞተሩ ዙር በተከፋፈሉ ዘጠኝ ዘጠኝ ሳጥኖች ያስተካክላል። በታችኞቹ ሳጥኖች ላይ ነዳጅ ጥቂት መጨመርና ብልጭታውን ማዘግየት ባሕርዩን ያለሰልሰዋል። ሁሉንም ሳጥን በአንድ ጊዜ የሚነካ ሰው ግን የቱ ለውጥ እንደጠቀመው ፈጽሞ አያውቅም። ገንዘብ ለማያወጣ ሰው ደግሞ ነጻ መፍትሄ አለ፦ አንድ ማርሽ ከፍ አድርጎ መታጠፍ። ይህ ሞተር ይችለዋል።

ተቃራኒው ምልክት፣ ማለትም ሙሉ ጋዝ ላይ መንገዳገድና መሞት፣ የሚጠቁመው ወደ ነዳጅ ፓምፑ ማጣሪያ ነው። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ስላለ ቆሻሻ ነዳጅ እዚያ ይከማቻል።

ከፍታ ላይ ደከመ የሚል ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይወቅ። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ያንሳል። በካርቡሬተር ዘመን ለዚህ ቀጭን ጂግለር (የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ) ይገባ ነበር፤ የነዳጅ መርጫው ግን የአየሩን ግፊት ለክቶ ነዳጁን በራሱ ይቀንሳል። የጠፋውን አየር ግን ሊመልስ አይችልም። ድካሙ የተፈጥሮ ነው፣ ሞተሩን አይፍቱት።

የፊት ጎማው በመታጠፊያ ላይ ይሸሻል

ብዙዎች ይህን በተገለበጠው ሞተር ላይ አሳበው ይተዉታል። እኔ አልቀበለውም። ሮማን ፌቭር በ2015 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ኢላይ ቶማክም በ2022 የአሜሪካን የሱፐርክሮስና የሞቶክሮስ ዋንጫዎች በአንድ ዓመት የጠቀለለው በዚሁ አቀማመጥ ነው። አቀማመጡ ግን ለተሳሳተ ማስተካከያ ምሕረት የለውም።

በመጀመሪያ የኋላውን ዝቅታ ይለኩ። ሞተር ሳይክሉ ማቆሚያ ላይ ሆኖ ከኋላ ጎማው ዘንግ እስከ መከላከያው አንድ ነጥብ ድረስ ይለካል፤ ቀጥሎ ጋላቢው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሲቀመጥበት በዚያው ነጥብ ይለካል። ልዩነቱ ከ100 እስከ 105 ሚሊሜትር ይሁን። ከዚህ ከበለጠ ኋላው ተቀምጦ ፊቱን ያቀልለዋል፤ የኋላውን ሞላ በማጥበቅ ይስተካከላል። የሞላው ማስተካከያ ካልበቃ ለክብደትዎ የሚሆን ሌላ ሞላ ያስፈልጋል። ይህ ሳይስተካከል ሌላ ነገር አይንኩ። ከዚያም ካልጠፋ የፊት አሞርዛተሮቹን ከማቀፊያቸው በላይ አምስት ሚሊሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይሞክሩ፤ ፊቱ ዝቅ ብሎ መሬቱን ይነክሳል። በቀጥታ መንገድ ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን አብዝተውታል፤ ጥቂት ይመልሱት። አቀማመጥዎም ወደ ፊት ይጠጋ።

ጋዝ ሲቀንሱ ይተኩሳል

የጭስ ቱቦው ከሲሊንደሩ ኋላ ወጥቶ ተጠማዝዞ የሚሄድ ስለሆነ መገጣጠሚያዎቹ ለዓይን ይሰወራሉ። በአንዱ በኩል አየር ከገባ ያልተቃጠለው ነዳጅ ማርሚታው ውስጥ ይፈነዳል። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካዩ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ይቀይሩ። ማርሚታው ራሱ ድምፁ ከጎረነነ ውስጡ ያለው የድምፅ ማፈኛ ጥጥ ተቃጥሏል።

ይፈላል

በቀስታ ረጅም ጊዜ ከተነዳ ማንኛውም የ450 ውድድር ሞተር ይፈላል፤ ማራገቢያ የለውም። ራዲያተሩ በጭቃ ካልተደፈነና ውኃው ካልጎደለ፣ ክዳኑን በ1.6 ባር ክዳን መቀየር የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፤ ክዳን አያድነውም። ዘይቱ ወተት ከመሰለ የውኃ ፓምፑን ማሸጊያ ይመልከቱ።

ፍሪሲዮን ተይዞም ይሄዳል፣ ወይም ይንሸራተታል

ሞተሩና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ይጋራሉ። የመኪና ዘይት ከገባ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ዲስኮቹን ያንሸራትታል፤ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበትን ብቻ ይጠቀሙ። ፍሪሲዮኑ ተይዞም ሞተር ሳይክሉ የሚገፋ ከሆነ የገመዱን ልቅነት ያስተካክሉ፤ ካልጠፋ የዲስኮቹ ቤት ጥርሶች ላይ ጉድጓድ ተቆፍሯል ማለት ነው።

ለ2018ና ከዚያ በኋላ ላሉት

ከ2018 ጀምሮ የእግር ፔዳሉ ቀርቶ በአዝራር ይነሣል፤ የሞተሩ ማስተካከያም ወደ ስልክ ተዛውሯል። ብርድ ጠዋት አዝራሩ ሲነካ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ባትሪው ሞቷል ብለው አይፍረዱ። የሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ጉልበቱን ይሰስታል። ለአጭር ጊዜ ሁለት ሦስቴ ነካ አድርገው ትንሽ ይጠብቁ፤ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ራሱ ባትሪውን ያሞቀዋል። በተራ የባትሪ ቻርጀር ግን አይሙሉት። ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ይግዙ፤ የአሲድ ባትሪን ለማደስ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚልከው ዓይነት ይህን ባትሪ ያበላሸዋል።