በሩ ላይ ፈረንጅ ሲያልፍ እኛ ስንፈተሽ ምን እናድርግ?

እዚህ ከተማ «ዘረኝነት» ሲባል ሁላችንም ቶሎ ብለን ወደ ብሔር እንሄዳለን። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ቆዳ ቀለም ነው። ለነጭ እየተሽቆጠቆጥን ጠቆር ያለውን የገዛ ወገናችንን ስለምናስከፋበት ነገር።

ከጋምቤላ ከመጣ የሥራ ባልደረባዬ ጋር መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ልንገባ ነበር። ከፊታችን የነበሩት ሁለት ፈረንጆች በፈገግታ አለፉ። እኔ ኪሴን ተዳስሼ ገባሁ። የእሱ ቦርሳ ግን ተዘረገፈ፣ መታወቂያም ተጠየቀ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ሲመልስ ጥበቃው ደነገጠ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ የተበደለውን ሰው «ልናገር?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንድ ቀን ሰው ምሳውን በሰላም መብላት ብቻ ነው የሚፈልገው። ተናገር ካለ፣ ጥበቃው ላይ አትጩሁ። እንጀራው ነው፤ ፈረንጅ በመፈተሹ አለቃው ተቆጥቶት ሊሆን ይችላል። «ወንድሜ፣ ፍተሻው ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉንም እኩል ፈትሽ» በሉት። ከዚያ ግቡና ኃላፊውን አስጠሩ። «ዘረኞች ናችሁ» ካላችሁት ክርክሩ እናንተ በተናገራችሁት ቃል ላይ ይሆናል፤ «12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱ ሳይፈተሹ ገቡ፣ ይሄ ሰው ግን መታወቂያ ተጠየቀ» ካላችሁት መልስ የመስጠቱ ዕዳ የእሱ ነው።

ካፌ ውስጥ ተራችሁ ለፈረንጅ ሲሰጥም ያው ነው። «እኛ ቀድመናል» በሉ።

የቤቱ ይከብዳል። ትልቅ ሰው «ባሪያ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ እንግዳ ፊት አታርሟቸው፣ ይብስባቸዋል። ቡና እስኪፈላ ጠብቁ። አቦሉ የጨዋታ ነው፣ ቶናው ላይ ጀምሩ። እኔ አክስቴን «እትዬ፣ ይህን ቃል ልጅ ሆነው ከማን ነው የሰሙት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ብዙ አሰቡ። አያታቸው ቤት ውሃ ትቀዳ፣ እህል ትፈጭ የነበረች አንዲት ሴት ትዝ አለቻቸው። ሁሉም በዚያ ቃል ነበር የሚጠራት። «ስሟን እኮ አላውቀውም» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ከእሳቸው አልሰማሁትም።

«አድዋን ያሸነፈ ሕዝብ እንዴት ዘረኛ ይባላል?» የሚላችሁ አይጠፋም። አድዋን አታሳንሱበት፣ ኩራቱ እውነት ነው። ግን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 መሆኑን ንገሩት። ከድሉ 46 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ አያቶቻችን የደረሱበት ዘመን።

ከቤት ስትወጡ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባችሁ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእግር ሂዱ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሱ። የከተማው ትልቁ ገበያ እዚያ ነበር። ጣሊያን በ1928 ገብቶ ከተማውን የነጭና የሐበሻ ብሎ ሲከፍል፣ የሐበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ የዛሬው መርካቶ ከዚያ ነው የመጣው። ካዛንቺስ የሚለው ስም እንኳ ጣሊያን ለገዛ መንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች የቀረ ነው። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ሥር ስትደርሱ ጉዞውን ጨርሱና ልጆቹ ይናገሩ። እናንተ ስሙ። ትምህርት ቤት ውስጥ በቀለሙ የሚሰደብ ልጅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚወጣው።

እድራችሁንም እዩ። ከጋምቤላ ወይም ከቤኒሻንጉል መጥቶ ሰፈራችሁ የሚኖር ጎረቤት አባል ነው? «አልጠየቀንም» ይሏችኋል። ማን ይጠይቅ፣ በሩን ያንኳኳለት ሳይኖር! እሁድ ከሰዓት የእድሩን ጸሐፊ ይዛችሁ ቤቱ ሂዱ። መዝገቡንም ያዙ፣ ስሙን እሱ ራሱ እንደሚጠራው ጻፉት።