ሕፃናት ፊታችንን ሲያዩ የምንሠራቸው ስህተቶች

"ገና ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል?" ማለት
ሌሎቹ ስህተቶች በሙሉ የሚመጡት ከዚህ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው። ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት ያለው እዚያው ላይ ነው። 7 ወር ገደማ ሲሆነው ደግሞ ከሳቂ ፊት ይልቅ የፈራ ፊት ላይ አፍጥጦ ይቆያል።

አጠገቡ ሆኖ ፊት መንሳት
እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ ቀላል የሚመስል ሙከራ ሠራ። እናት ልጇን ታጫውታለች። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ምንም ሳታንቀሳቅስ ዝም ብላ ታየዋለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል። መልስ የለም። ድምፅ ያሰማል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይወራጫል። አሁንም የለም። በመጨረሻ ፊቱን ያዞራል፣ ይነጫነጫል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። በዚህ መሀል የልብ ምቱ ይፈጥናል፤ ልብን የሚያረጋጋው ነርቭም ሥራው ይቀንሳል። እናቱ ተመልሳ ስታጫውተው እንኳ ብዙዎቹ ቶሎ አይታረቁም።

እያጠባን ስልክ ላይ ስናፈጥ ሕፃኑ የሚያየው ፊት ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ቢያንስ በጡት ሰዓት ስልኩ ይቀመጥ።

ካላለቀሰ ደህና ነው ብሎ መተው
ዝም ብሎ ጣቱን የሚጠባ ሕፃንም ልቡ በፍጥነት እየመታ ሊሆን ይችላል። ለቅሶ አንዱ ምልክት ብቻ ነው።

ፊቱን ሲያዞር እየተከተሉ ማስጨነቅ
"የኔ ጌታ፣ እየኝ እንጂ!" እያልን ጉንጩን ይዘን እንመልሰዋለን። ቲፋኒ ፊልድ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ሕፃኑ ዓይኑን ከማዞሩ ጥቂት ሰከንድ ቀደም ብሎ ልቡ ይፈጥናል፤ ካዞረ በኋላ ይረጋጋል። እያረፈ ነው ማለት ነው። ጠብቁት፣ ራሱ ይመለሳል።

ገና ሲንገዳገድ "እኔን!" ብሎ መጮህ
እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት፣ የ1 ዓመት ሕፃናት ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ገደል ያለ በሚመስል መስታወት ላይ እንዲሻገሩ ተደረገ። እናቶቻቸው ፈገግ ካሉላቸው 19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ። እናቶቻቸው የፈራ ፊት ካሳዩዋቸው 17 ሕፃናት ግን አንድም አልተሻገረም። ልጃችሁ ወድቆ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው እናንተን ነው። ካልተጎዳ ረጋ ብላችሁ "አይዞህ፣ ተነሳ" በሉት።

ቀኑን ሙሉ ለመሳቅ መጨነቅ
ይህኛው የጥሩ ወላጆች ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት ሆን ተብሎ እንዲጨነቁ የተደረጉ እናቶች ልጃቸውን መልሰው ሲያቅፉ፣ የሕፃኑ ልብም የእናቱን ጭንቀት ተከትሏል። ስለዚህ ከሳቁ ይልቅ ራስን ማረጋጋት ይቀድማል። ሁሌም መግባባትም አይጠበቅባችሁም። እንደ ትሮኒክ ሥራዎች፣ ደህና የሚባሉ እናትና ሕፃን እንኳ ስሜታቸው የሚገጣጠመው ከጊዜያቸው 30 በመቶ ያህሉን ነው። በቀረው ጊዜ ይተላለፋሉ፣ ተመልሰው ይገናኛሉ። ሕፃኑ መረጋጋትን የሚለምደው በዚህ መመለስ ውስጥ ነው።

ፊቷ የጠቆረውን እናት መውቀስ
ከወለደች በኋላ ከ2 ሳምንት በላይ ፊቷ ካልፈታ፣ ልጇን ስታይ ምንም ካልተሰማት፣ "ምን ጎደለሽ?" አትበሏት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ። እስኪሻላት ድረስ አባት፣ አያት ወይም አክስት ሕፃኑን እየታቀፉ ያጫውቱት።